ክቡን ቤተ ክርስቲያን አታፍርሱት

ጥያቄ፦ "አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ የአንድ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ክብ ቤተ ክርስቲያናችን አርጅቷል። ግድግዳው ከታች ይላጣል። ሦስት ጊዜ በሲሚንቶ አስለስነን ሦስቴም ረገፈ። ከዳር እስከ ዳር 18 ሜትር ስለሆነ በበዓል ቀን ሕዝቡን አይችልም። ውጭ ሀገር የሚኖር አንድ ለጋሽ ሊያሠራልን ፈቃደኛ ነው፣ ግን 'አፍሪካዊ መልክ' እንዲኖረው ይፈልጋል። አሮጌው ፈርሶ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሥሩ በምድር ቤት ደግሞ ሙዚየምና የእድር አዳራሽ የያዘ ዲዛይን ተሠርቶልናል። ጣሪያው የጋሻ ቅርጽ አለው። ግድግዳው ላይ የኬንቴ ጥለትና እንደ ማሊው መስጊድ ወጣ ወጣ ያሉ እንጨቶች አሉ። ግቢው 3,000 ካሬ ገደማ ነው። ፎቶዎቹንና ሬንደሩን፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራውን የዲዛይኑን ሥዕል፣ ልኬያለሁ። ምን ይመክሩናል?"

ምላሽ፦ ግድግዳው የሚላጠው አርጅቶ አይደለም። የሚያላጠው ውሃ ነው፣ ውሃውን ደግሞ እዚያው አግቶ የያዘው ሲሚንቶው ነው። ከላኩልኝ ፎቶዎች አራተኛውን በደንብ ይዩት። ልስኑ የረገፈው እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ደህና ነው። በረገፈው ጫፍ ላይ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ነጭ ነገር አለ፣ ጨው ነው። ውሃ ከመሬት ወደ ግድግዳው እየተሳበ ሲወጣ ከአፈሩና ከሲሚንቶው ያሟሟውን ጨው ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል፣ ጨው ሲደርቅ ይፋፋል፣ ሲፋፋ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል።

የድሮ ሠሪዎች ድንጋዩን ያያያዙት በጭቃ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ እርጥበት ቢገባበትም በበጋ ይተነፍሳል፣ ይደርቃል። ሲሚንቶ ሲለበስ ትንፋሹ ይዘጋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ውስጡ ያለውን ጭቃም ያላላል። ሦስቱ ልስኖች ብቻቸውን አልረገፉም፣ እያንዳንዳቸው የድንጋዩን ፊት ይዘው ነው የወረዱት። አራተኛ ብታስለስኑት አራተኛው ይረግፋል።

ሁለተኛው ጥፋት እግር ሥር ነው። በአሮጌው ፎቶ ላይ ወደ በሩ የሚወጡ ሦስት ደረጃዎች ይታያሉ። በአሁኑ ላይ አንድ ብቻ ቀርቷል። ሁለቱ የት ሄዱ? ግቢው በአፈር ተደለደለ፣ ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ከዚያም ለጽዳት ተብሎ ዙሪያው በቴራዞ እስከ ግድግዳው ተያያዘ። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን የግድግዳው እግር ዛሬ ሁለት ደረጃ ያህል ከግቢው በታች ተቀብሯል። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ የሚያፈሰው ዝናብ በቀጥታ እግሩ ሥር ይገባል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚህ ሁሉ ውሃ መሃል እስከ ዛሬ መቆሙ ራሱ ይገርማል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ቴራዞው ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይነሳ። መሬቱ ወደ ድሮው ከፍታ ይውረድ፣ ደረጃዎቹ ይገለጡ። ከግድግዳው ራቅ ብሎ በጠጠር የተሞላ ቦይ ይቆፈር፣ ተዳፋቱም ወደ መንገዱ ፍሳሽ ይሁን። የሲሚንቶ ልስኑ በእጅ፣ በቀስታ ይቀረፍ። በማሽን እንዳታስነኩት፣ ድንጋዩን ያናጋዋል። ከዚያ አንድ ሙሉ በጋ ራቁቱን ይድረቅ። ሲደርቅ በውሃ ተዘፍዝፎ የከረመ ኖራ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለሰን። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። "ኖራ እኮ ይላጣል" የሚል ይመጣል። አዎ፣ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል። ኖራ ለድንጋዩ ብሎ የሚያልቅ ልብስ ነው።

አሁን ወደ "አፍሪካዊ መልክ" እንምጣ። የለጋሹን ፍላጎት አልንቅም። ከጥያቄው ጀርባ ያለው ናፍቆት ይገባኛል። ሬንደሩ ግን ናፍቆቱን በጌጥ ብቻ ነው የመለሰው። ሦስቱንም ነገሮች አንድ በአንድ ልያቸው።

ከግድግዳው የወጡት እንጨቶች የተቀዱት ማሊ ውስጥ ካለው የጄኔ ታላቅ መስጊድ ነው። ያ ሕንፃ የአሁን መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፣ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ነው። የከተማው ሰው በየዓመቱ ተሰብስቦ እንደገና በጭቃ ይለስነዋል። እንጨቶቹ የልስን ሠራተኛው የሚወጣባቸው መሰላል ናቸው፣ ሥራ አላቸው። በእናንተ ሬንደር ላይ ግን በብሎኬት ግድግዳ ላይ የተሰካ ብረት ሆነዋል። ማንም አይወጣባቸውም። የሚወጣባቸው ዝናቡ ነው፣ ብረቱን ተከትሎ ወደ ግድግዳው ይገባል። ጄኔ ውስጥ መሰላል የነበረው አራዳ ላይ የውሃ በር ይሆናል።

ኬንቴ ደግሞ የጋና ጨርቅ ነው፣ የአሻንቲና የኤዌ ሸማኔዎች ሥራ። ቆንጆ ነው። ግን ሽሮ ሜዳ ድረስ ሸማኔ በሞላበት ከተማ የሌላ ሀገር ጥለት በሴራሚክ አትሞ መለጠፍ ምን ይባላል? አክራ ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን የእኛን ጥበብ ጥለት ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ እንስቃለን። ጋሻውን እተወዋለሁ። ጋሻ የሚሠራው ፍላጻ እንዲመክት ነው፣ በረዶ እንዲያፈስ አይደለም።

አፍሪካዊነት ከቅርጽ ይልቅ በአሠራር መያዙን ማየት የሚፈልግ የፍራንሲስ ኬሬን ሥራ ይመልከት። ቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ መንደር የተወለደው ይህ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን ትልቅ የአርክቴክቸር ሽልማት አግኝቷል። ለመንደሩ የሠራው ትምህርት ቤት ግድግዳው ከአካባቢው አፈር የተሠራ ጡብ ነው። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ተነጥሎ ከፍ ብሎ ቆሟል፣ በመሃሉ ነፋስ ያልፋል። ይህን ያደረገው ሀገሩ ስለሚያቃጥል ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ይበርዳል። ስለዚህ ጣሪያውን ቀድቶ ማምጣት ያው ስህተት ነው። መቅዳት ያለብን ጥያቄውን ነው፤ እዚህ ሰፈር ያለው አፈር፣ ዝናብና ሰው ምን ይፈልጋል?

ለራሴ ክርክር የማይመች አንድ ነገር ግን አለ፣ ልደብቀው አልችልም። ላሊበላ ላይ ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉት ሰዎች በአክሱም ዘመን አሠራር በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ የሚገነባውን ግድግዳ መልክ በአንድ ወጥ አለት ላይ ቀርጸዋል። አለቱ እንጨት አያስፈልገውም ነበር። ማስመሰል ሁሉ ኃጢአት አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ እነሱ የሚያስመስሉትን ነገር አሠራር ያውቁ ነበር፣ የራሳቸውም ነበር። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ድርድር በእውነተኛው መልኩ ያሳያል። እዚያ እንጨቱ ጌጥ አይደለም፣ ግድግዳውን ያስረዋል። በአክሱም አሠራር "የዝንጀሮ ራስ" የምንለው ከግድግዳው ወጣ ያለ ጫፍ የዚያ ማሰሪያ መጨረሻ ነው። ዛሬ በየሆቴሉ ፊት ላይ በጂብሰም ተሠርቶ ሳየው የተቆረጠ ጣት ይመስለኛል።

ይህ ለእናንተ ቤት ቀጥተኛ ጥቅም አለው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። በጭቃ የተያያዘ ክብ ግድግዳ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያስፈልገው ከላይ ዙሪያውን የሚያስር የእንጨት ቀለበት ነው። ከአክሱም የምትወስዱት ካለ ይህን ማሰሪያ ውሰዱ፣ የዝንጀሮውን ራስ ተዉት።

እንግዲህ አፍሪካዊው ነገር የት አለ? ግቢያችሁ ውስጥ አለ፣ ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ። ቤቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ሆኖ እንደ ቀለበት አንዱ ሌላውን ከቧል። በምሥራቅ በኩል የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤተልሔም አለ። ሁለት ትልልቅ ጽዶችና አንድ ወይራ አሉ። ከአንዱ ጽድ ሥር የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል አለ፣ ሬንደሩ ላይ ግን ጠፍቷል። ጽዶቹ የቆሙበት ቦታ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ለጋሹ የሚፈልገውን አፍሪካ አፍርሳችሁ በምትኩ ሥዕሏን ልትሠሩለት ነው።

አዲስ ቅርጽ አይቻልም እያልኩ አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ የተሠራው አራዳ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ነው፣ ሥራው ላይ ካስታኛ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ እጁ አለበት። ከውጭ ሲያዩት የአውሮፓ ሕንፃ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን መቅደሱ መሃል ነው፣ ምእመኑ ዙሪያውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ፋሺስቶች አቃጥለውትም ተመልሶ የቆመው ያው ሥርዓት ሆኖ ነው። የእናንተ ሬንደር በተቃራኒው ነው። ከውጭ አፍሪካ አፍሪካ ይላል፣ ውስጡ ግን አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ፊት ለፊት መድረክ ያለው አዳራሽ ነው። ማኅሌት የሚቆሙት ካህናት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ፊት ለፊት በረድፍ ሲሆኑ ከበሮ መቺው መሃል ገብቶ የሚዞርበት ቦታ አጣሁ። ዲዛይነሩ ወጣት ይመስለኛል። አንድ የበዓል ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ቢያድር ይህን አይስተውም ነበር።

ሕዝቡን አይችልም ላላችሁት፣ እውነት ነው። ቁጥሩን ላስላው። ዳያሜትሩ 18 ሜትር ሆኖ የቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያ 3 ሜትር ቢሰፋ 141 ካሬ ያህል ይሆናል። በአንድ ካሬ ሁለት ሰው ብናቆም ሦስት መቶ አይሞላም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ በንግሥ ቀን ሕዝቡን በውስጡ የሚይዝ ቤተ ክርስቲያን የት አለ? ሰው የሚያስቀድሰው ግቢ ነው። ነጠላውን ተከናንቦ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዛፍ ተደግፎ፣ ልጁን ታቅፎ። ግቢው ራሱ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ኮንክሪት የሚበላው ካሬ ሁሉ ከምእመኑ የሚቀነስ ነው። ሬንደሩ ላይ አዲሱ ሕንፃ 900 ካሬ ይይዛል። በሰሜን በኩል እስከ አጥሩ የሚተርፈው 3 ሜትር ብቻ ነው። ታቦቱ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ዑደት ሲያደርግ ጃንጥላው፣ ካህናቱ፣ መዘምራኑና ሕዝቡ በ3 ሜትር ውስጥ ሊያልፉ ነው? እኔ ከ6 ሜትር በታች አልቀበልም፣ ያውም ምንም ደረጃና የአበባ መደብ ሳይኖርበት።

ስለዚህ ገንዘቡ ሰው የሚቆምበት ላይ ይውል። በደቡብና በሰሜን በኩል ቀለል ያለ ቋሚ ዳስ፣ ዓምዱ እንጨት ወይም ቀጭን ብረት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ ድምፅ የሚያፍን ኮርኒስ ይኑረው። አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ስብከቱን ማንም አይሰማም። ወለሉ ጥርብ ድንጋይ ይሁን፣ አይወለወል። አንድ ትንሽ ነገርም አለ፣ የጫማ ጉዳይ። በፎቶው ላይ ደጃፉ አጠገብ ሁለት መቶ ጫማ ተቆልሎ፣ አንዲት እናት በአንድ እግራቸው ቆመው ግድግዳ ይዘው ጫማቸውን ሲፈልጉ ይታያሉ። በሦስቱም በሮች አጠገብ የድንጋይ መቀመጫ፣ ከሥሩ የጫማ መደርደሪያ ይሠራ። በአንዱ በር በኩል ደግሞ በ12 ሜትር ከ1 ሜትር በላይ የማይወጣ መወጣጫ ይኑር፣ ለዊልቸር። እነዚህ በሬንደር አይታዩም። አዛውንቶቹ ግን ይመርቋችኋል።

ምድር ቤቱን እርሱት። ሦስት ምክንያት አለኝ። መጀመሪያ፣ አፈሩ ውስጥ መቃብር አለ፣ አጽም ሳትነኩ 4 ሜትር አትቆፍሩም። ሁለተኛ፣ ክረምት ላይ ውሃው በፓምፕ ነው የሚወጣው፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ መብራት የሚጠፋው ደግሞ ዝናብ ሲበረታ ነው። ሦስተኛ፣ ብራና ከእርጥበት በላይ ጠላት የለውም። ይሸበሸባል፣ ይሻግታል፣ ቀለሙ ይነሳል። ሙዚየሙ ከግቢው ከፍ ባለው ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቆም ሁለት ክፍል ይብቃው። ከቤተልሔሙ ይራቅ፣ እዚያ እሳትና ጭስ አይጠፋም። ብርሃኑም ይቆጠብ። ለብራናና በብራና ላይ ላለ ሥዕል የሚመከረው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ነው፣ ለቢሮ ሥራ ከሚመከረው 500 አንድ አሥረኛው። "መስኮቱን ወደ ሰሜን አድርጉት፣ ፀሐይ አይገባም" የሚሏችሁ ይኖራሉ፣ ከአውሮፓ መጽሐፍ ያነበቡት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። መስኮቱ በየትኛውም በኩል ቢሆን ጥላ ያስፈልገዋል።

ከመሠራቱ በፊት ደግሞ ቄሰ ገበዙንና ካህናቱን ጠይቁ። የትኛው መጽሐፍ ዛሬም ይቀደስበታል? የትኛው መስቀል ለበዓል ይወጣል? በአገልግሎት ላይ ያለ ንዋየ ቅድሳት መስታወት ውስጥ አይቆለፍም። ከዕቃ ቤቱ ጋር የተያያዘ ደረቅ ማስቀመጫ ነው የሚፈልገው። የእድሩ ድስት፣ ድንኳንና መዝገብም ቦታ ያስፈልጋቸዋል። በነገራችን ላይ የድሮው የእድር መዝገብ ለእኔ ከብዙ መስቀል ይበልጣል። ሰፈሩ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደኖረ የተጻፈው እዚያ ነው።

ስለ አሸንዳ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ አጥቢያ በሠራሁት ሥራ ላይ አሸንዳው ከውጭ እንዳይታይ ብዬ በግድግዳው ውስጥ ደበቅኩት። አማረ፣ ተመሰገንኩ። ነሐሴ ላይ በረዶ ጣለ። በረዶው የቱቦውን አፍ ደፈነው፣ ውሃው ወደ ውስጥ ሞልቶ ፈሰሰ። ግድግዳው ላይ በሸራ የተለጠፈ የድሮ ሥዕል ነበር። ጠዋት ስደርስ ሸራው ከላይ ተላቆ፣ እንደ እርጥብ ልብስ ታጥፎ፣ የሥዕሉ ፊት ወደ መሬት ተደፍቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አሸንዳ አልደብቅም። የእናንተም ከውጭ ይንጠልጠል፣ ይታይ፣ ዲያቆኑ በመሰላል ወጥቶ በእጁ የሚጠርገው ይሁን።

ምክሬ ገደብ አለው። ሁሉንም ያየሁት በፎቶ ነው። ግድግዳው ወደ ውጭ ያበጠ ከሆነ፣ ወይም ስንጥቁ ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ከሆነ፣ ጣሪያው ግድግዳውን እየገፋው ነው ማለት ነው። ያኔ የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያየው ልስኑን እንኳን እንዳትነኩ። ያበጠው ክፍል ብቻ ፈርሶ በዚያው ድንጋይ ሊሠራ ይችላል። ሁሉም ይፍረስ የሚያሰኝ ነገር ግን አላየሁም። ለፈቃዱም ቢሆን አንድ ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት ሀገረ ስብከቱ፣ የከተማው ባህል ቢሮና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ይወቁት። "አልተመዘገበም፣ ስለዚህ ቅርስ አይደለም" የሚለውን አትስሙ። ጥገናው መቅደሱን የሚነካ ከሆነ ታቦቱ ለጊዜው የሚያርፍበት መቃኞ መሠራት አለበት። የመቃኞው ወጪ በዲዛይኑ በጀት ውስጥ የለም። ብዙ ሥራ ግማሽ ላይ የሚቆመው ይህ ስለሚረሳ ነው።

ለጋሹን ሬንደር አታሳዩት። ይምጣና አንድ የንግሥ ቀን ከእናንተ ጋር ግቢው ውስጥ ይቁም። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ንገሩት፤ በመጀመሪያው ዓመት ውሃውና ልስኑ፣ በሁለተኛው ዳሱና መቀመጫው፣ በሦስተኛው የቅርስ ቤቱ። ስሙ የሚጻፍበት ነገር ከፈለገ የድንጋይ ደወሉ መቆሚያ አለ።

አሁን ግን የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ግንቦት ሳያልቅ በሰሜንና በደቡብ በኩል፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቃችሁ፣ መቃብር የሌለበት ቦታ መርጣችሁ፣ አንድ አንድ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። በቆርቆሮ ክደኑት። ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ ውሃው የት እንደደረሰ በሜትር እየለካችሁ፣ ቀኑን እየጻፋችሁ መዝግቡ። ለመስቀል መዝገቡን ይዛችሁ ኑ።